ጡሩምባ ይዤ ዳላስ

ከአሜሪካ ከተመለስኩ ጀምሮ አብረውኝ የሚያስተምሩ መምህራን በሻይ ሰዓት ከበው ይይዙኛል። "እስቲ አውሪን፤ ፎቁ እንዴት ነው? መንገዱስ?" ይሉኛል። ፎቁን ብዙም አላስተዋልኩትም ብላቸው ኮራች ብለው አሙኝ። እውነቱን ለመናገር የሄድኩት ለጉብኝት አልነበረም። መርዶ ይዤ ነው የሄድኩት፤ ፎቅ የማይበት ዓይን አልነበረኝም። ቢሆንም ያየሁት አልጠፋብኝም፤ በሻይ ሰዓት ተወርቶ የሚያልቅ ስላልሆነ ቁጭ ብዬ ጻፍኩት።

አባታችን ካረፈ ሁለት ወር ሆኖት ነበር። ታናሽ ወንድሜ ሰይፉ የሚኖረው ዳላስ ነው፤ የሆቴል እንግዶችን ከአውሮፕላን ማረፊያ የሚያመላልስ ሾፌር ነው። ወረቀቱ ገና ስላላለቀለት ከዚያ አገር መውጣት አይችልም። አልነገርነውም። በደወለ ቁጥር "አባባ ጠበል ገብቷል" እንለዋለን፤ ጠበሉም ስልክ የሌለበት ሩቅ ቦታ ነው ብለን ዋሸነው። እናታችን ግን በአንድ ነገር ድርቅ አለች። "ልጄ መርዶውን በስልክ አይሰማም። ሂጂ፤ ሰው ከብቦት፣ ተቀምጦ፣ ካንቺ አፍ ይስማ" አለችኝ። ቪዛውን እንዴት እንዳገኘሁ ራሱን የቻለ ሌላ መከራ ነው፤ እሱን ልለፈው።

የአባባን ሞተር ሳይክል ካላወቃችኋት ግን ሌላው አይገባችሁም። አባባ ዕድሜውን ሙሉ ቴሌግራም አመላላሽ ነበር። የሚነዳትም ከጣልያን ጊዜ የቀረች፣ የቤንዚን መያዣዋ ቀይ የሆነ አሮጌ ሞተር ነበረች። ሰፈሩ በድምፅዋ "ዶቅዶቄ" ይላታል። የኤሌክትሪክ ክላክሷ ሲቃጠል አባባ በቦታው የናስ ጡሩምባ ገጠመላት፤ ከኋላው ያለውን የጎማ ኳስ ሲጨምቁት የሚጮህ ዓይነት ነው። መልካም ቴሌግራም የያዘ ቀን ከሩቅ እየነፋት ይመጣል፤ የምሥራች ለማግኘት ሴቶቹ ከየቤቱ ይወጣሉ። ቢሮ ያሉት ጸሐፊዎች ክፉ ወሬ ነው ያሉት ቀን ግን ሞተሩን መታጠፊያው ላይ ያጠፋና በእጁ እየገፋ ይገባል። ወረቀቱንም ለባለቤቱ አይሰጥም። ለጎረቤት ሽማግሌ ይሰጥና "ሰው ሐዘኑን በር ላይ ቆሞ አይቀበልም፤ አስቀምጣችሁ ንገሩት" ብሎ ይመለሳል።

ሰይፉ ያደገው በዚያች ሞተር ፍቅር ነው። ዳላስ ሄዶም አልለቀቀውም። ልክ እንደሷ ያለች፣ የዚያው ዘመን የጣልያን ሞተር አግኝቶ እያደሰ መሆኑን የነገረን ቀን ድምፁ የሙሽራ ድምፅ ነበር። "የጎደለችኝ ጡሩምባዋ ብቻ ናት፤ አባባን ለምኚልኝ" አለኝ። ስለምነው አባባ ስልኩን ተቀበለኝና እኔን ወደ ጓዳ ላከኝ። ስመለስ ተቆጥቶ ዘግቶታል። ምን እንዳለው እኔም አልጠየቅኩ፣ ሰይፉም ዳግመኛ አላነሳው።

ለመንገድ ስሰናዳ ያ ነገር ትዝ አለኝ። መራራ ወሬ ይዤ መሄዴ ካልቀረ በሌላው እጄ አንድ ጣፋጭ ነገር ልያዝለት አልኩ። ግቢያችን ውስጥ በሸራ ተሸፍና የቆመችውን ሞተር ገልጬ ጡሩምባውን በካቻቢቴ ፈታሁት። እማማ ደረጃው ላይ ተቀምጣ ታየኝ ነበር።

ሰኞ

ከቤት ጥቁር ለብሼ ወጣሁ። እማማ ፊት ከሌን ማውለቅ አልቻልኩም። ቦሌ ስደርስ መጸዳጃ ቤት ገብቼ ጥቁሩን ቀሚስ ሻንጣ ውስጥ ከተትኩና ሰማያዊ ለበስኩ። ለአባባ የተቆረጥኩትን ጠጉሬን በሻሽ ሸፈንኩ። የጽዳት ሠራተኛዋ መጥረጊያዋን ተደግፋ አየችኝ።

"አወለቅሽው እንዴ?" አለች።

"ለመንገድ ነው" አልኳት። "ለማያውቅ ሰው ልነግር ነው የምሄደው።"

"እግዚአብሔር ያጽናሽ" ብላ በሩን ያዘችልኝ። ስሟን እንኳ አልጠየቅኩም፤ በመንገዴ ሁሉ ያጽናናችኝ ግን የእሷ ቃል ነበረች።

ፍራንክፈርት ላይ አውሮፕላን ለመቀየር ረጅም ሰዓት ቆየሁ። ሰማያዊው ቀሚስ አሳፈረኝ። የሚያውቀኝ ሰው በሌለበት አገር ሰው የሚያየኝ እየመሰለኝ ነጠላዬን እስከ አገጬ ሳብኩ።

ማክሰኞ

ዳላስ አውሮፕላን ማረፊያ ፈታሿ ሻንጣዬን ከፈተች። ሽሮውን አሸተተች፣ በርበሬው አስነጠሳት፣ ከዚያ በነጠላ የጠቀለልኩትን ጡሩምባ አወጣች። "ምንድን ነው?" አለችኝ። እንግሊዝኛውን እስካስታውስ ጎማውን ጨመቀችው። ያ አዳራሽ ሙሉ ጮኸ፤ ሰልፉ ሁሉ ሳቀ። እኔ ግን የሰማሁት የአባባን መምጣት ነው። በዚያ ሁሉ ሰው መሃል እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። ፈታሿ ደነገጠች። ነጠላውን ራሷ አጥፋ መልሳ ጠቀለለችው፤ ጋሪዬንም እስከ በሩ ድረስ ገፋችልኝ።

ሰይፉ ሸብቷል። አቅፎኝ ብዙ ቆየ፤ እኔም ፊቴን እንዳያየኝ ትከሻው ላይ ደበቅኩ። በመኪናው መንገድ ጀመርን። ዳላስ ሜዳ ነው፤ ዙሪያውን ብመለከት ተራራ አጣሁ። እኛ እንጦጦን አይተን ሰሜን ወዴት እንደሆነ እናውቃለን፤ እነሱ የሚያውቁት በሃይዌይ ቁጥር ነው። ቪከሪ ሜዶ የሚባለው የሰይፉ ሰፈር ከየአገሩ የተሰደደ ሰው የሞላበት የአፓርትመንት መንደር ነው። ደረጃው ላይ የየቋንቋው ልጆች ይጫወታሉ፤ ከየመስኮቱ የሚወጣው የምግብ ሽታ አንዱ ከሌላው አይመሳሰልም።

ሰይፉ ያዘጋጀውን በላን። ከዚያ ጡሩምባውን አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለት። ይጮኻል፣ ይስመኛል ብዬ ነበር። እሱ ግን አጎንብሶ አየው። በጣቱ ነካው።

"ሰጠኝ?" አለ።

"ሰጠህ።"

"ራሱ ፈታው?"

"እኔ ነኝ የፈታሁት። እሱ እያየ" አልኩ። ውሸቱ ሳላስበው ከአፌ ወጣ።

"ኦኬ" አለ። ተነስቶ መታጠቢያ ቤት ገባ። ውኃው ብዙ ሲፈስ ሰማሁ። ገላውን ይታጠባል ብዬ ሳህኑን አነሳሳሁ።

ረቡዕ

ዋይሊ የምትባል ከተማ ሄድን። አፓርትመንቱ ጋራዥ ስለሌለው ሰይፉ ሞተሩን የሚያድሰው እዚያ ነው፤ ዌይን በሚባል ጡረታ የወጣ አሜሪካዊ ቤት። አዳዲስ ቤቶች በቀጥታ መስመር ተደርድረዋል፤ ዛፎቹ ገና እንጨት ተደግፈው የቆሙ ችግኞች ናቸው። የዌይን ቤት ግን አሮጌ ነው፤ ጋራዡም ከቤቱ ይበልጣል።

ዌይን ኮፍያውን አውልቆ እጄን በሁለት እጁ ያዘ። ቶሎ አልለቀቀኝም። የአገሩ ሰላምታ እንደዚህ ነው ብዬ እኔም ጎንበስ አልኩለት።

ሞተሯን ጠጋ ብዬ አየኋት። ቀዩ የቤንዚን መያዣ፣ ሰፊው መቀመጫ፣ ሁሉም የአባባ ናት፤ ልዩነቱ ይቺ ታበራለች። ዌይን እህል ጎተራ ውስጥ ዶሮ ሰፍሮባት እንዳገኛት ነገረኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ ሁለቱ ሰዎች ቅዳሜና እሑዳቸውን ዝገት ሲፍቁ አሳልፈዋል። አንዲት ትንሽ ቧንቧ ለማግኘት ለስንት ሰው እንደጻፉ፣ የቀለሙን ቅላት ለማግኘት ስንት ጊዜ ቀብተው እንደፋቁ ሲያወሩኝ ሁለቱም ልጅ ሆኑ። እኛ አገር አሮጌ ሞተር የሚጠገነው ሌላ ስለሌለ ነው። እነሱ ሌላው ሁሉ ሞልቶላቸው አሮጌውን ይመርጣሉ። መጀመሪያ ቅብጠት መስሎኝ ነበር። ዌይን ግን ሞተሯን አስነስቶ ጆሮውን አዘንብሎ ሲያዳምጥ ሳየው ሐሳቤን ቀየርኩ፤ ትንፋሽ የሚያዳምጥ ሐኪም ይመስል ነበር።

ምሳ ላይ ችግር ተፈጠረ። ዌይን ለእኔ ብሎ ከንጋት ጀምሮ በጭስ ሥጋ ሲያበስል ቆይቷል፤ ዕለቱ ደግሞ ረቡዕ ነው። ሰይፉ ጾም መሆኑን ሲነግረው ሰውዬው ፊቱ ቀላ። ሮጦ የቆርቆሮ ባቄላ አመጣ፤ ሰይፉ ቢያነበው የአሳማ ስብ አለበት። የበቆሎ ዳቦ አመጣ፤ ወተት አለበት። በመጨረሻ ተራ ዳቦ በቃሪያ አቀረበልኝ። ሥጋውን ሸፍኖ አስቀመጠና እሱም ከእኔ ጋር ዳቦ በቃሪያ በላ። ብለምነውም አሻፈረኝ አለ።

ከሰዓት በኋላ ሰይፉ ጡሩምባውን መሪው ላይ ገጠመው። ብሎኑን ደጋግሞ አጠበቀ። ጎማውን ግን አልጨመቀውም።

ሐሙስ

ሰይፉ ሥራ ሲሄድ ጋሽ ብርሃኑ መጡ። ፎርት ዎርዝ ሆስፒታል ውስጥ የሚሠሩ፣ እዚያ ያለው ያገራችን ሰው ሁሉ የሚያከብራቸው ሽማግሌ ናቸው። እማማ በስልክ አደራ ያለችው እሳቸውን ነበር።

"ቅዳሜ ጠዋት እንንገረው ብለን ነበር" አሉኝ። "ማለቴ፣ ሰዉ ኦፍ የሚሆነው ያን ቀን ነው። ግን ቅዳሜ የአሮጌ ሞተሮች ሾው አለ፤ ፎርት ዎርዝ። ስንት ጊዜ ሲጠብቀው የነበረ ነው።"

"ከዚያ በፊት ከሰማ ምን ይሆናል?"

"አይሰማም! ሰምቶ ሃይዌይ ላይ በሞተር ቢወጣ በአንቺም በእናትሽም ላይ ሁለተኛ ሐዘን ነው የምንጨምርባችሁ። እሑድ ንጋት ላይ እንመጣለን። አንቺ እስከዚያ ፊትሽን ጠብቂ፣ ልጄ።"

ፊቴን መጠበቅ ቀላል መስሏቸው ነው። "እርስዎ እንዳሉ" አልኳቸው፤ ሌላ ምን እላለሁ?

ሰይፉ በዌይን የጭነት መኪና ተመለሰ፤ ጀርባው ላይ የሚታጠፉ ወንበሮች ተከምረዋል። አንድ በአንድ እያወጣ ሳሎኑ ግድግዳ ላይ ደረደራቸው። "ይኼ ሁሉ ወንበር ለምንድን ነው?" አልኩት።

"ለሾው ነው፣ እትዬ" አለኝ።

ዓርብ

ዝናብ ጣለ። ዝናባቸው እንደኛ አያስጠነቅቅም፤ ሰማዩ አረንጓዴ ሆነና በረዶ ወረወረ። ሰይፉ እስኪመጣ ሽሮ ልሥራ ብዬ ቁሌቱ ትንሽ ሲጨስ ጣሪያው ላይ ያለች ክብ ነገር ጩኸቷን ለቀቀችው። በነጠላዬ ባራግብ ባራግብ አልተወችኝም። ከታች ቤት አንድ ረጅም ሰው መጣ፤ ከየት አገር እንደሆነ እንኳ አላውቅም። ወንበር ላይ ሳይወጣ እጁን ዘርግቶ ባትሪዋን ነቀለ። በምልክት አመሰገንኩት፤ እሱም በምልክት ሽሮው ጥሩ ይሸታል አለኝ። አንድ ጭልፋ ቀድቼ ሰጠሁት።

ራት ላይ አንድ ነገር ገረመኝ። ሰይፉ ከማክሰኞ ወዲህ የአባባን ስም አንድም ቀን አላነሳም። በጠበሉ ተሻለው ወይ እንኳ አላለኝም። ውሸት ስላላስጨመረኝ እፎይ እያልኩ ነበር። ያን ዕለት ብቻ ሳህኑን እያየ "እማማ ማታ ማታ ማን አለ አጠገቧ?" አለኝ።

"እኔ ነበርኩ። አሁን የአክስታችን ልጅ አለች" አልኩት።

"ጥሩ ነው" አለና እጁን ሊታጠብ ተነሳ።

ቅዳሜ

ሰይፉ ሞተሩን እየነዳ ከፊት፣ እኔ በዌይን መኪና ከኋላ ሆነን ወደ ፎርት ዎርዝ ሄድን። መንገዱን ሁሉ ስጸልይ ነው የደረስኩት። ከኋላ ሲያዩት ትከሻው የአባባ ትከሻ ነው።

ሜዳው ላይ የሰው ብዛት! አሮጌ ሞተሮች ሣሩ ላይ ተደርድረዋል፤ ባለቤቶቹ በጨርቅ ያብሷቸዋል፣ ይንበረከኩላቸዋል። ሆዳቸው የሰፋ ሽማግሌዎች የማያውቁትን ሰው ሞተር ከበው በሹክሹክታ ያወራሉ። አንዱ ዓይኑን ጨፍኖ የሰይፉን ሞተር ድምፅ ሰማና የተሠራችበትን አገር አወቀ። ልብሱ ሁሉ ያሮጌ ዘመን የሆነ ጎረምሳ ደግሞ አዲስ ሞተር ይዞ ቆሟል፤ ፋብሪካው አሮጌ እንድትመስል አድርጎ የሠራት ናት። ሽማግሌዎቹ ይስቁበታል መስሎኝ ነበር፤ ቦታ አጥብበው ከጎናቸው አቆሙት። "መጀመሪያ መልኳን ነው የምትወደው፣ ቀስ ብለህ ነው ሌላውን የምታውቀው" አለኝ ዌይን። አምሳ ጊዜ የተጠገኑ ታክሲዎቻችንን አስታወስኩ፤ እነዚህ ሰዎች ቢያዩአቸው ይሳለሟቸው ነበር።

ዳኛው መጣ። ሞተሯን ዙሪያዋን አይቶ ጡሩምባው ላይ ሲደርስ ራሱን ነቀነቀ። "ይኼ ከፋብሪካው የወጣ አይደለም" አለ። ዌይን ክንዱን ይዞ ወደ ዳር ወሰደውና የሆነ ነገር ነገረው። ዳኛው ተመልሶ ኮፍያውን አወለቀ፤ ሰይፉን ጨበጠውና ምንም ሳይጽፍ አለፈ። ሰይፉ ሽልማት አላገኘም፤ የከፋውም አልመሰለኝም። እኛ ሣር ላይ ተቀምጠን ነበር።

"ወንበሮቹስ?" አልኩት።

"ረሳኋቸው" አለኝ።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ተመለስን። ከቪከሪ ሜዶ መታጠፊያ ላይ ሰይፉ ቆመ። ሞተሩን አጠፋና ወረደ፤ ከዚያ እስከ አፓርትመንቱ በር ድረስ በእጁ እየገፋ ሄደ። ዌይን ከኋላው በዝግታ እየነዳ ተከተለው፤ ክላክስ አላደረገም።

"ተበላሸች?" አልኩት ስንወርድ።

"ደክሟታል" አለኝ። መታጠፊያው አንድ ነገር አስታወሰኝ። ግን የእሑዱ ፍርሃት ይዞኝ ስለነበር አላሰብኩበትም።

እሑድ

ጥቁር ቀሚሴን ለብሼ በጨለማው መታጠቢያ ቤት ውስጥ ቆምኩ። ሰዎቹ ሲመጡ በሩን ቀስ ብዬ ልከፍትላቸው ነው ሐሳቤ። ንጋት ላይ የእግር ኮቴ ሰምቼ ወደ ሳሎን ስወጣ መብራቱ በርቷል። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ወንበሮቹ ሁሉ ተዘርግተው ግድግዳውን ዙሪያ ይዘዋል። ሰይፉ ጥቁር ኮት ለብሶ ከመሃል ወለሉ ላይ ተቀምጧል።

ጋሽ ብርሃኑና ሰዎቹ በሩ ላይ ደርሰው ቀጥ አሉ። ከኋላቸው ዌይን ኮፍያውን ይዞ ቆሟል።

"ግቡ፤ ተቀመጡ" አላቸው ሰይፉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። "እትዬ፣ ማክሰኞ ዕለት እኮ ነግረሽኛል።"

"እኔ? ምን ብዬ?"

"ያኔ አባባ በስልክ ምን እንዳለኝ ታውቂያለሽ? 'እኔ በሕይወት እያለሁ ከዚህች ሞተር አንዲት ብሎን አትወልቅም። ስሞት ውሰዳት።' ጡሩምባውን ጠረጴዛ ላይ ስታስቀምጪው ነግረሽኝ ጨረስሽ።"

ካጠገቤ ያለው ወንበር ላይ ቁጭ አልኩ። ሰፈራችን ውስጥ ሰው ሲሞት በንጋት የእድር ጡሩምባ ነፊ እየዞረ ይጮኻል። እኔ ወንድሜን ደስ ላሰኝ ብዬ፣ በነጠላ ጠቅልዬ፣ ባሕር አሻግሬ የወሰድኩለት ያንኑ ኖሯል።

"ታዲያ ለምን ዝም አልከኝ?" አልኩት እያለቀስኩ።

"እማማ ሰው ከብቦት ይስማ ብላ ነው የላከችሽ፤ አይደል? የማውቀው ሰው ሁሉ በሳምንቱ ውስጥ መጀመሪያ 'ቅዳሜ ኦፍ ነህ ወይ'፣ ከዚያ 'እሑድስ' ብሎ ጠየቀኝ። ሶ፣ ወንበር አመጣሁ። ለዌይን ብቻ ነገርኩት፤ ወንበር የለመንኩት ከሱ ስለሆነ። ሳይነግሩኝ ማልቀስ አልቻልኩም፣ እትዬ። አምስት ቀን ሙሉ ሞከርኩ። ውኃ ከፍቼ ሞከርኩ፤ አልመጣልኝም። በሉ አሁን ንገሩኝ።"

ጋሽ ብርሃኑ ወንበር ስበው ከፊቱ ተቀመጡ። እጁን ያዙት። "ሰይፉ ልጄ፣ አባትህ አርፈዋል" አሉት።

ያን ጊዜ አለቀሰ። ዌይን ቃሉ ባይገባውም ገብቶት፣ ካዋሳቸው ወንበሮች አንዱ ላይ ተቀምጦ እስከ መጨረሻው አልተነሳም።

መመለሻ

ሐዘን ደራሹ ሳምንቱን ሙሉ ሲመላለስ ቆየ። እኔ ጥቁር እንደለበስኩ አውሮፕላን ተሳፈርኩ። በዚህኛው ጉዞ አላፈርኩም።

ቤት ስደርስ እማማ ግቢ ውስጥ ሞተሯ አጠገብ ተቀምጣ ነበር። ሸራውን ገልጣ ጡሩምባው የነበረበትን ቦታ በመዳፏ ይዛዋለች። ገና ሳትስመኝ "በሰው መሃል ሰማ?" አለችኝ።

"በሰው መሃል ነው የተነገረው። ግን ቀድሞ ሰምቶ ነበር፣ እማማ።"

"ማን ነገረው?" አለችኝ።

"ጡሩምባው" አልኳት።